ቆሎ የተጠቀለለበት ታሪክ

ሰሞኑን እንደገና ዞሮ መጣ። ፎቶግራፉን ታውቁታላችሁ። አፍሮ ያበጠረች፣ ሚኒ የለበሰች ቆንጆ ፒያሳ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የሱቅ መስኮት፣ ከጎኗ አንዲት ቮልስዋገን። ከአሮጌ መጽሔት ላይ በሞባይል የተነሣ ነው፤ የወረቀቱ ጠርዝ የሻይ ቀለም ይዟል። ከሥሩ የሚጻፈውም ያው የምናውቀው ነው። አንዱ ‹‹ወይ ድሮ! አገር እንዲህ ነበረች!›› ይላል። ሌላው ‹‹ያኔ ገበሬው ሲሶና እርቦ ሲገብር ነበር፤ አታሽሞንሙኑብን›› ይመልሳል። ሦስተኛው ይሳደባል። ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ ተረስታ ክርክሩ ስለ አፄ ምኒልክ ይሆናል።

አንዋሽም፤ እኛም ከተከራካሪዎቹ ውስጥ ነበርን። ገሚሶቻችን ‹‹ወይ ድሮ›› ባይ፣ ገሚሶቻችን ‹‹ድሮማ መከራ ነበር›› ባይ ሆነን እስከ እኩለ ሌሊት ስንናቆር አመሸን። በማግስቱ ቡና ላይ ስንገናኝ አንዷ ባልደረባችን ‹‹ለመሆኑ መጽሔቱ ማን ይባላል? የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? በቀጣዩ ገጽ ላይስ ምን ተጽፏል?›› ብላ ጠየቀችን። ተያየን። አንዳችንም አናውቅም። ለካ ሌሊቱን ሙሉ የተጣላነው ባላነበብነው ነገር ነው!

ይህ ጽሑፍ የዚያ ኀፍረት ውጤት ነው። ልንል የፈለግነውም አንድ ነገር ነው። የዚህ አገር የአደባባይ ሕይወት ማኅደር ግማሽ ብቻ ነው። መንግሥት ስለ ራሱ ያሳተመው ግማሽ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰዎች ስለ መንግሥትና ስለ ራሳቸው የተናገሩበት ሌላው ግማሽ ግን አብዛኛው ቆሎ ተጠቅልሎበት አልቋል፤ የተረፈውም እያለቀ ነው። እኛ ደግሞ ከተጠረዘው ግማሽ ላይ አንዲት ቁራጭ ቆርጠን፣ በቁራጯ ላይ ሙሉ ጦርነት እንዋጋለን።

ሚኒዋና እንቁላሉ

ከልጅቷ እንጀምር፤ ምክንያቱም እሷ ሳትጠየቅ ብዙ ተከራክረንባታል።

የዚያን ዘመን መጽሔቶች የሚያገላብጥ ሰው፣ መነንም ይሁን በ1961 ብቅ ብሎ ብዙ ሳይቆይ የቀረው የእንግሊዝኛው አዲስ ሪፖርተር፣ ዘመናዊነት ከየገጹ ይዘልበታል። ‹‹ወይ ድሮ›› ባዮቹ ይህን ይዘው ከተማው ሁሉ እንዲህ ነበር ይሉናል። እስቲ ከመጽሔቱ ወጣ ብለን ስድስት ኪሎን እንይ። በመጋቢት 1960 በዩኒቨርሲቲው ራስ መኮንን አዳራሽ የሴቶች የልብስ ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች ባህላችንን የሚያራክስ የባዕድ ሸቀጥ ነው ብለው ተቃውመው ወጡ። ለትርዒቱ በመጡ እንግዶች ላይ ስድብና እንቁላል ወረደ። ፖሊስ ግቢ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከአንድ የልብስ ትርዒት የተነሣው ነገር በዘመኑ በተማሪውና በመንግሥት መካከል ከተፈጠሩት ትላልቅ ግጭቶች አንዱ ሆነ።

ይህን ያወቀ ሰው ያንን ፎቶግራፍ እንደ ቀድሞው ሊያየው አይችልም። ልጅቷ የተነሣችው ሁሉም ሰው አጨብጭቦላት አይደለም፤ የቆመችው ክርክር መሃል ነው። እንቁላል የወረወሩባትም ‹‹ወግ አጥባቂ ሽማግሌዎች›› አልነበሩም። ‹‹መሬት ለአራሹ!›› ሲሉ የነበሩት፣ ራሳቸውን የለውጥ ፊታውራሪ አድርገው የሚያዩት ወጣቶች ነበሩ። ‹‹ድሮ ጨዋ ነበርን›› የሚለውም፣ ‹‹ድሮ ዘመናዊ ነበርን›› የሚለውም፣ ‹‹ያ ትውልድ ነፃ አውጪ ነበር›› የሚለውም እዚህች ላይ ሲደርሱ ይሰናከላሉ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ያኔም አሁንም ስለ ቀሚሷ የሚከራከሩት ሌሎች ናቸው። እሷ ምን አለች? ገጹን ቆርጠን ስናወጣ የጣልነው ምናልባት የእሷን ንግግር ሊሆን ይችላል።

ጋዜጣው ዝም ያለ ቀን

‹‹ታዲያ ምን ችግር አለ? የተጠረዘውን ሄዶ ማንበብ ነው›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መነበብ አለበት። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ ሦስት ሥርዓት ሲወድቅ አይቷል። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ሲጀመር ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ቅጂው ስለቆየ ነው ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ መጀመሪያዎቹ ምሁራኖቻችን ሲጽፉ ሰዎቹ በዘመናቸው ሲከራከሩ ሊያሰሙን የቻሉት። ለእነዚህ ጥራዞች ጠባቂዎች ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለንም።

ግን ጥራዙ የማይናገረውም አለ። በ1965 ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወርደው አይተው፣ ያነሱትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለሕዝብ አሳዩ። የአገሪቱ ጋዜጦች ግን ሳንሱር የሚደረግባቸው ነበሩና የረሃቡን ልክ አልነገሩንም። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ለአዲስ አበባ ሰው ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የገዛ አገራችንን ረሃብ የነገረን የሰው አገር ካሜራ ነው።

‹‹እሱማ የንጉሡ ዘመን ነው›› አትበሉ። አሥር ዓመት ቆጥራችሁ መስከረም 1977 ላይ ድረሱ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው፤ ኢሠፓ ተመሥርቷል፤ የትግላችን ሐውልት ተመርቋል። ወሎና ትግራይ ግን እንደገና እየረገፉ ነው። የዚያን ሰሞን የመንግሥት ሚዲያ ለበዓሉ እንጂ ለሬሳው ቦታ አልነበረውም። በጥቅምት 1977 የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ደረሰና ዓለም እንደገና ከእኛ በፊት አየ። ሁለት ሥርዓት፣ ሁለት ርዕዮተ ዓለም፣ አንድ ዓይነት ገጽ!

ከሁለቱ መሃል ደግሞ ቀይ ሽብር አለ። በ1969 እና በ1970 በየቤቱ ሬዲዮ ላይ ‹‹እርምጃ ተወሰደባቸው›› ሲባል ይሰማ ነበር። የተገደለው ልጅ ወላጆች ግን ማልቀስ ተከልክለው ነበር። እስቲ አስቡት። የዚያን ዘመን ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ የሚመረምር ተማሪ ‹‹ባደረባቸው ሕመም ምክንያት›› ያረፉትን ያገኛል። በር ላይ የተጣለውን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አያገኝም። በዚያች ገጽ ብቻ ዘመኑን የሚለካ ሰው አዲስ አበባ ሰላም ነበረች ብሎ ቢደመድም በምን እንፈርድበታለን? እጁ ላይ ያለው ማስረጃ ያንኑ ነው የሚለው።

የመንግሥት ጋዜጣ ይጣል አላልንም። እንደ ምስክር ይነበብ ነው የምንለው። ምስክር ደግሞ ብቻውን ሲቀርብ አይበቃም፤ የሚያስተባብለው ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ትንንሾቹ ዓምዶች

ፊት ገጹ ከዋሸ የኋላ ገጾቹን ማየት ነው። እዚህ ላይ ከራሳችን ልምድ እንናገር። ከዚያ ቡና በኋላ ተሰባስበን አሮጌ ቅጂዎችን ስናገላብጥ ከረምን። ከአንዳችን አያት ቤት፣ ከብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች፣ ካገኘንበት ሁሉ። መጀመሪያ የፈለግነው ትልልቁን ርዕስ ነበር። ሲመሽ ያነበብነው ግን ትንንሹን ነው። የጠፋ ማኅተም፣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ ‹‹ተከሳሽ ቀርበው ይከራከሩ››፣ የሎተሪ ዕጣ፣ የሲኒማ ፕሮግራም፣ ‹‹ቧንቧችን ከደረቀ ስንት ጊዜው ነው›› የሚል የአንባቢ ደብዳቤ።

ሳንሱሩ ያላሰበበት ቦታ ይህ ነው። የሐራጅ ማስታወቂያ የሚያወጣ ባለሥልጣን ስለ ታሪክ እያሰበ አይደለም፤ ግን የማን ቤት በማን ዕዳ እንደተሸጠ ይነግረናል። ውኃ አጣሁ ብሎ የጻፈ ሰው መንግሥትን የሚቃወም አይመስለውም፤ ግን ከፊት ገጹ ላይ ሪባን ከሚቆርጠው ሚኒስትር የበለጠ ስለ ሰፈሩ ይመሰክራል። የአደባባይ ሕይወት የሚባለው እኮ ሰልፍና ንግግር ብቻ አይደለም። ሰው በስሙ ወጥቶ ‹‹እኔ ይህ ጠፋብኝ፣ ይህ ይገባኛል፣ ይህን እሸጣለሁ›› ያለበት ሁሉ ነው።

አዲስ ዘመን ራሱ ‹‹አዲስ ዘመን ድሮ›› በሚለው ዓምዱ ከማኅደሩ እየቀነጨበ ያስነብበናል። እንወደዋለን፤ ስቀንበታል። ግን ማኅደራችን የምንስቅበት ብቻ ሆኖ ሲቀር ያሳስበናል። ‹‹ጉድ በል! ድሮ እንዲህ ይጻፍ ነበር?›› ብሎ ስቆ ማለፍና ‹‹ለምን እንዲህ ተጻፈ? ማን ጻፈው? ማን ቆረጠው?›› ብሎ መጠየቅ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መዝናኛ ነው፤ ክፋት የለውም። ሁለተኛው ዜግነት ነው።

ደግሞ የጦፈ ክርክር ያስተናገደ ጊዜም ነበር። በ1968 አዲስ ዘመን ላይ ‹‹አብዮታዊ መድረክ›› የሚባል ዓምድ ተከፍቶ የግራው ወገን በብዕር ስም እየተከራከረ ነበር። ዴሞክራሲ ለማን? ገደቡስ የት ድረስ? ከወዲያ በኩል ጎሕ መጽሔት፣ በድብቅ ደግሞ የኢሕአፓ ዴሞክራሲያና የመኢሶን የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ነበሩ። በ1969 ብዕሩ ተጥሎ ሽጉጥ ተነሣ። ዛሬ ይህን ታሪክ የሚያጠና ወጣት ቀላል የሚያገኘው ጠርዘው ያስቀመጡትን የመንግሥት ጋዜጣ ነው። በማባዣ ታትሞ፣ በጡት መያዣ ውስጥ ተደብቆ፣ ተነቦ የተቃጠለውን ወረቀት ማግኘት ግን የሌላ ሰው ደግነት ይጠይቃል። ያንን ወረቀት ቤት ውስጥ መያዝ ያስገድል ነበርና እናቶቻችን በምድጃ አቃጠሉት። አንፈርድባቸውም።

ምድጃ የለኮሰብንን ዘመን በምክንያትነት ልንጠቅስ የማንችለው እኛ ነን። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የጠፋውን ያቃጠለው ፍርሃት ብቻ አይደለም። ቸልታም ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማንበብ

የአራት ኪሎን ጋዜጣ አከራዮች የደረሰባቸው ያስታውሷቸዋል። ጋዜጣ ለመግዛት አቅም ያጠረው ሰው ሳንቲም ከፍሎ፣ ድንጋይ ላይ ወይም ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ አንብቦ ይመልሳል። ጡረተኛው፣ ሥራ ፈላጊው፣ ተማሪው አንድ ቅጂ ተራ ጠብቀው ያነቡታል። ያነበበው ያላነበበውን ያስረዳል። ሦስተኛው ‹‹ውሸት ነው!›› ይላል። ክርክር ይነሣል። እውነተኛ የአደባባይ ሕይወት ከተባለ እዚያ ነበር፤ ማንም አልመረቀውም፣ ሪባንም አልተቆረጠለትም።

የሚነበቡት እነማን ነበሩ? ሳንሱርን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የተፈለፈሉት ናቸው። ጦቢያ፣ ሩሕ፣ ኢትዮጲስ፣ ሙዳይ፣ በኋላም አስኳልና ምኒልክ፤ ሌሎችም ብዙ። ጥሩም መጥፎም ነበሩ። አዘጋጆቻቸው ከዝግጅት ክፍል ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ከርቸሌ ሲመላለሱ ነበር። ከምርጫ 97 በኋላ፣ በጥቅምት 1998፣ አዘጋጆች በጅምላ ታስረው ብዙዎቹ ጋዜጦች በአንዴ ጠፉ። በ2000 የጀመረው አዲስ ነገር በኅዳር 2002 ተዘግቶ አዘጋጆቹ ተሰደዱ። በሐምሌ 2006 አዲስ ጉዳይ፣ ሎሚ፣ ፋክት፣ ጃኖና እንቁ መጽሔቶች ከአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ጋር ክስ እንደሚመሠረትባቸው በመንግሥት ተነገረ፤ ሰዎቹ ግማሹ ታሰረ፣ ግማሹ ተሰደደ።

ሰዎቹ ሲሰደዱ ወረቀታቸውስ የት ሄደ? አዙሮ የሚሸጠው ልጅ ያልተሸጠውን በኪሎ ሸጠው። ባለሱቁ ስኳር ቋጠረበት። ቆሎ ሻጯ እንደ ቀንድ ጠቅልላ ቆሎና ኦቾሎኒ ሞላችበት። ልጆች ሳለን ቆሎውን ጨርሰን ወረቀቱን ስንዘረጋ ግማሽ ዜና፣ የተቆረጠ ፊት፣ ‹‹ወደ ገጽ 7 ዞሯል›› የሚል ሐረግ እናገኝ ነበር። ገጽ 7ን ሌላ ልጅ በልቶበታል።

አንድ ቀን ደግሞ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተገኝተን የዚያን ዘመን የግል መጽሔቶች ጠየቅን። በትሕትና የተቀበለችን ሠራተኛ ገብታ ቆይታ ወጣችና ‹‹እነሱ እንኳ አልተጠረዙም፤ አሉም የሉምም›› አለችን። አሉም የሉምም! የዚህን ጉዳይ ልክ ከዚህ የተሻለ የገለጸው አላገኘንም።

‹‹ቆሻሻ ነበር››

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ እንምጣ። ሲሸሹት ማየት ሰልችቶናልና እኛ አንሸሸውም። ‹‹የግል ፕሬስ ምን የሚቀመጥ ነገር ነበረው? አሉባልታ፣ ስድብ፣ የዘር ጥላቻ፣ ያልተጣራ ወሬ። ቆሎ ቢጠቀለልበት ምን ጎደለ?›› ይባላል። የሚሉት ካድሬዎች ብቻ አይደሉም፤ የምናከብራቸው መምህራንም ይሉታል።

የሰዎቹ አባባል ግማሽ እውነት አለው። አሉባልታ ነበረ። ‹‹ታማኝ ምንጮች እንደገለጹልን›› የተባለው ምንጭ አንዳንዴ የአዘጋጁ ጎረቤት ነበር። ሕዝብን በሕዝብ ላይ የሚያነሣሣ ጽሑፍም ነበረ፤ አናሽሞነሙነውም።

ነገር ግን በዚህ መስፈርት ከሄድን የመንግሥትን ጋዜጣ ለምን ጠረዝነው? ወሎ ሲረግፍ ዝም ያለው እሱ አይደለም? ሕፃናትን ‹‹አናርኪስት›› ብሎ የጻፈው እሱ አይደለም? አንዱ ሲዋሽ ‹‹የታሪክ ሰነድ››፣ ሌላው ሲሳሳት ‹‹ቆሻሻ›› የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው? ማኅደር የሚቀመጠው እውነት ስለሆነ አይደለም። የተባለው ነገር መባሉ እውነት ስለሆነ ነው። ጥላቻው መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንደጀመረው፣ ማን እንደመለሰለት፣ ማን ‹‹ተው›› እንዳለ የምናውቀው ገጹ ሲኖር ነው። ዛሬ እርስ በርስ ‹‹መጀመሪያ እናንተ ናችሁ›› እየተባባልን የምንካሰሰው ጉዳይ እኮ ብዙው ገና የትናንት ነው፤ በወረቀት ታትሞ ነበር። ወረቀቱ ስለጠፋ ግን ሁሉም የፈለገውን ያስታውሳል።

የምናስበው ነገር ቢኖር የልጅ ልጆቻችንን ነው። አንዲት ተማሪ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ስለ 1998 ልትጽፍ ትነሣለች እንበል። የሚቀርብላት የተጠረዘው ብቻ ከሆነ የምታነበው ‹‹ሁከት ፈጣሪዎች››ና ‹‹ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ›› የሚሉ ቃላት ነው። ልጁ የተገደለበት አባት፣ ድምፁ ተቀማሁ ያለ መራጭ፣ በዚያው ልክ ‹‹ተቃዋሚዎችም አጥፍተዋል›› ብሎ የጻፈ ዓምደኛ አይገኙም። ስለ እኛ ዘመን እኛን ያሰረን ሰው ብቻ ይመሰክርላታል። ልጅቱ ብታምነው ጥፋቷ ምንድን ነው?

ያልተዘረፍነው ዘረፋ

በ1860 እንግሊዞች መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስን መጻሕፍትና ቅርስ ጭነው ሄዱ። እስከዛሬ ‹‹መልሱልን›› እንላለን፤ ትክክል ነን። አሁን ግን ልብ የሚሰብረውን ስሙ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ በከፈተው ቢሮ አማካይነት የኢትዮጵያን ጋዜጣና መጽሔት ለአሥርት ዓመታት እየገዛ ሲሰበስብ ኖሯል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ‹‹አሉም የሉምም›› የተባልነውን ወረቀት ዋሽንግተን ያለ ወገናችን በባቡር ሄዶ የመጠየቅ ዕድሉ ከእኛ የሰፋ ነው። እዚያ የሚኖሩት ስደተኛ አዘጋጆች እዚህ የታሰሩበትን ጽሑፍ እዚያ ፈልገው ሊያነቡት ይችላሉ።

መቅደላን ተዘርፈናል። ይህንን ግን ማንም አልዘረፈንም። እኛ ጣልነው፣ እነሱ አነሱት። ከፍለው፣ ጠርዘው፣ ቁጥር ሰጥተው አስቀመጡት። ‹‹መልሱልን›› ብንል ‹‹መቼ ፈለጋችሁት?›› ቢሉን መልስ አለን?

‹‹ዛሬ ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፤ ምንም አይጠፋም›› የምትሉም ትኖራላችሁ። እስቲ ከዐሥር ዓመት በፊት ያነበባችሁትንና ያስለቀሳችሁን ጽሑፍ ፈልጉ። ገጹ ተዘግቷል፣ ጸሐፊው አጥፍቶታል፣ አድራሻው ተሽጧል። ወረቀቱን ቢያንስ ቆሎ ሻጯ ለአንድ ቀን ታቆየው ነበር።

ምን ይደረግ?

ማልቀስ ብቻ ስላይደለ ዓላማችን፣ የምንጠይቀውን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ሕጉ ይፈጸም። በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ጀምሮ አለ። የታተመ ነገር ሁሉ ቅጂው እንዲገባለት ከደርግ ዘመን ጀምሮ በሕግ ታዟል። ግዴታው የአሳታሚው ብቻ አይደለም፤ የገባውን መጠረዝ፣ በዝርዝር መመዝገብና ማስነበብ የተቋሙ ነው። ለዚያ የሚሆን በጀት መስጠት ደግሞ የመንግሥት ነው። ‹‹አለ›› ወይም ‹‹የለም›› የሚል ቁርጥ ያለ ዝርዝር ይውጣ። የጎደለውን ከእኛ ከአንባቢዎቹ ለመሙላት የሚቻለው መጀመሪያ ጉድለቱ ሲታወቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የተጠረዘው ይከፈት። በሕዝብ ገንዘብ የታተመ የአዲስ ዘመን ገጽ በሕዝብ ስልክ ላይ መነበብ አለበት፤ በሳምንት አንድ ቀልድ ሳይሆን ሙሉ ገጹ፣ ከነሐራጁ፣ ከነሐዘን ማስታወቂያው፣ ከነዝምታው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን የመሳሰሉ ቤቶች ያላቸውን ለማየት የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፍ የሚችለው ሰው ብቻ የታሪክ ባለቤት እንዳይሆን።

ሦስተኛው ለእኛው ነው፤ ለ‹‹ወይ ድሮ›› ባዩም ለ‹‹መከራ ነበር›› ባዩም። ገጽ ስታጋሩ ሙሉውን አጋሩ። የመጽሔቱን ስም፣ ቀኑን፣ የገጹን ቁጥር ጻፉ። ለክርክራችሁ የሚመቸውን ቆርጣችሁ የማይመቸውን አትጣሉ። ቆርጦ መጣል የሳንሱር ሥራ ነው። እሱ ሲያደርገው ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ እኛ በነፃ እየሠራንለት ነው።

አራተኛ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ። አባታችሁ አልጋ ሥር ሳጥን አለ። አክስታችሁ ቁምሳጥን ላይ በሲባጎ የታሰረ ክምር አለ። ‹‹ይህ አቧራ ምን ያደርግልናል፣ በዓል መጣ፣ እናጽዳው›› ሲባል እናንተ ‹‹ቆይ›› በሉ። አውጥታችሁ በስልካችሁ አንሱት። አባታችሁ ለምን እንዳስቀመጠው ጠይቁት። ፈርቶ ይሆናል፣ ኮርቶ ይሆናል፣ ስሙ የወጣበት ይሆናል። እኛ ጠይቀን ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ፖለቲካ ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ አባት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ሰምተናል። ወረቀቱን እጁ ላይ ይዞ ነበር።

በነገራችን ላይ የዚያች የአፍሮዋ ቆንጆ መጽሔት ስሙንም ዓመቱንም እስካሁን አላገኘንም። ያጋራው ሰው ከሌላ ሰው ነው ያገኘው፤ ያም ከሌላ። ያላችሁ ካላችሁ ቀጣዩን ገጽ ላኩልን። እስከዚያው ስለ እሷ አንከራከርም።

ለነገሩ ቆሎ እንወዳለን፤ ቆሎ ሻጯም ጥፋት የለባትም። ቆሎውን ብሉ። ወረቀቱን ግን ዘርግታችሁ አንብቡት፤ ‹‹ወደ ገጽ 7 ዞሯል›› የሚል ካገኛችሁም ገጽ 7ን ፈልጉ።